ተራራ ላይ ሞተሩ ለምን ይደክማል? የስኖውሞቢልን ክላች ከከፍታ ጋር ማስማማት

ሜዳ ላይ እንደ ጥይት ሲወነጨፍ የነበረ ስኖውሞቢል፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ያለው ማሽን፣ ተራራ ላይ ሲደርስ ማቃሰት ከጀመረ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። ካንዴላው ይቀየራል። ቤንዚኑ ይታማል። ኮምፕሬሽን ይለካል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ጤነኛ ነው። ክላቹ ግን አሁንም ለሜዳው እንደተስተካከለ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ሲሰሙት የመካኒክ ምስጢር ይመስላል። ግራም፣ ሞላ፣ ዲግሪ፣ ዙር የሚሉ ቃላት ይበዙበታል። ሥሩ ግን አንድ ሐሳብ ነው። ማንኛውም ሞተር ጉልበቱ ጫፍ የሚደርስበት የዙር ቁጥር አለው። የክላቹ ሥራ ዳገቱ ምንም ይሁን፣ በረዶው ምንም ይሁን፣ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ሞተሩን እዚያ ቁጥር ላይ ማቆየት ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ክላቹ እንዴት ይሠራል?

የመኪናውን ፍሪሲዮን ለጊዜው እርሱት። ስኖውሞቢል በእግር የሚረገጥ ፔዳል የለውም፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽም የለውም። ያለው ሁለት ፑሊ እና በመካከላቸው የሚዞር ወፍራም የጎማ ቺንጋ ነው። አንዱ ፑሊ በቀጥታ የሞተሩ ዘንግ ላይ ተቀምጧል። ነጂዎች ፕራይመሪ ይሉታል፤ እኛ የፊት ክላች እንበለው። ሁለተኛው ሰከንደሪ ይባላል፤ የኋላ ክላች እንለዋለን። እሱ ጉልበቱን ተቀብሎ ወደ ትራኩ፣ ማለትም በረዶውን እየቧጠጠ ማሽኑን ወደሚገፋው ባለ ጥርስ የጎማ ሰንሰለት ያስተላልፋል።

እያንዳንዱ ፑሊ ፊት ለፊት ከሚተያዩ ሁለት ሾጣጣ ሳህኖች የተሠራ ነው። ሳህኖቹ ሲቀራረቡ ቺንጋው ወደ ውጭኛው ጠርዝ ይወጣል። ሲራራቁ ወደ መሐል ይሰምጣል። ሞተሩ ተነስቶ ዝም ብሎ ሲሠራ የፊቱ ክላች ክፍት ስለሆነ ቺንጋውን አይዝም፣ ማሽኑም ባለበት ይቆማል። ጋዝ ሲሰጠው፣ እንደ ማሽኑ ዓይነት ከ3,000 እስከ 4,000 ዙር በደቂቃ አካባቢ፣ ሳህኖቹ ቺንጋውን ይነክሳሉ። ከዚያ በኋላ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የፊቱ እየተዘጋ፣ የኋላው እየተከፈተ ይሄዳል። ከዝቅተኛው ማርሽ እስከ ከፍተኛው ድረስ ያለ ደረጃ፣ ያለ መንገጫገጭ ይንሸራተታል ማለት ነው። አሠራሩ ራሱ የቆየ ነው። የኔዘርላንዱ መኪና አምራች ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ይህንኑ ዘዴ ትንሽ የቤት መኪና ላይ አሳይቷል።

የፊቱን ክላች የሚዘጋው ምንድን ነው? ክብደቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሲሆኑ፣ ክላቹ ሲሽከረከር ወደ ውጭ እየተወረወሩ ሳህኑን ይገፋሉ። የሚቃወማቸው አንድ ሞላ አለ። የኋላው ክላች ደግሞ የራሱ ሞላ አለው፤ በተጨማሪም ሄሊክስ የሚባል፣ በጎኑ ተዳፋት የተቆረጠበት ክብ ብረት አለው። ትራኩ ከባድ ሸክም ሲገጥመው የኋላው ክላች በዚህ ተዳፋት ላይ ይጠመዘዛል፣ ሳህኖቹን ያጠብቃል፣ ቺንጋውንም ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይስባል።

ስለዚህ ሁለቱ ክላቾች ገመድ ጉተታ ላይ ናቸው። የፊቱ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይጎትታል፣ የኋላው ወደ ዝቅተኛ። ማሽኑ በደንብ የተስተካከለ ከሆነ የሁለቱ ጉልበት የሚመጣጠነው በትክክል ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን በሚሰጥበት ዙር ላይ ነው። ለብዙዎቹ ዘመናዊ ባለ ሁለት ምት (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ ሥራውን የሚጨርስ ሞተር ያላቸው) የተራራ ማሽኖች ይህ ቁጥር 8,000 አካባቢ ነው። የእናንተ ማሽን ትክክለኛ ቁጥር በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ያንን ቁጥር ሳታውቁ ክላች መንካት በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

ከፍታ የሚወስደው እና የማይወስደው

አየር ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይሳሳል። በመደበኛው የአየር ሠንጠረዥ መሠረት 3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ጋር ሲነጻጸር ጥግግቱ 74 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው በገባለት አየር ልክ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል የሚለው የነጂዎች ስሌት ከዚህ ይመጣል። ባሕር ጠለል ላይ 165 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 3,000 ሜትር ላይ 115 ወይም 120 ገደማ ይቀረዋል።

ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። በአሜሪካ ዋዮሚንግ የሚገኘው የቶግዎቲ የተራራ መተላለፊያ 2,944 ሜትር ላይ ነው። የሞንታናዋ ኩክ ሲቲ ራሷ ከተማዋ 2,300 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ ነጂዎቹ የሚጀምሩት ከዚያ ወደ ላይ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ይመጣል። ከፍታ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ የክላቹን ክብደቶች አያቀልም። 70 ግራም ክብደት ተራራ ላይም 70 ግራም ነው። በ8,000 ዙር ሲሽከረከር ሳህኑን የሚገፋበት ኃይል ሜዳ ላይም ተራራ ላይም አንድ ነው። ከገመዱ በአንድ በኩል ያለው እንደ ድሮው ይጎትታል፣ ሞተሩ ግን ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቷል። ስለዚህ የፊቱ ክላች ያለ ጊዜው ይዘጋል። ማሽኑ ሳይዘጋጅ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይገባል። ዙሩም ከ8,000 ወደ 7,500 ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ይህ ሁለት ጊዜ መቀጣት ነው። የእነዚህ ሞተሮች የጭስ መውጫ ሆዱ የሰፋው ለጌጥ አይደለም። ከሲሊንደሩ የወጣው የድምፅ ሞገድ ተመልሶ በትክክለኛው ቅጽበት እንዲደርስ፣ ሊያመልጥ የነበረውን ንጹሕ ድብልቅም መልሶ እንዲያስገባ ተለክቶ የተሠራ ነው። ያ ቅጽበት የሚገጥመው በጠባብ የዙር ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ከክልሉ በታች ከወረዳችሁ አየሩ ከወሰደው በላይ ጉልበት ይጠፋል። ከክልሉ በላይ ከወጣችሁም እንዲሁ፤ እንዲያውም ከላይ በኩል አወዳደቁ ድንገተኛ ነው።

«የእኔ ማሽን ኮምፒውተር አለው፣ ከፍታውን ራሱ ያውቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ የነዳጅ መርጫው የአየሩን ግፊት እየለካ ቤንዚኑን ያስተካክላል። ካርቡሬተር በነበረበት ዘመን ይህ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ክላቹ ውስጥ እጅ የለውም። ብረቱን ማቅለል የእናንተ ሥራ ነው።

ስንት ግራም?

መልሱ ቀላል ይመስላል። ከፍ ስትሉ ክብደት ቀንሱ፣ ዝቅ ስትሉ ጨምሩ። ቀላል ክብደት ዙሩን ከፍ ያደርጋል፣ ከባድ ክብደት ዝቅ ያደርጋል። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር የያዘ ሰው ከሥራው ግማሹን ጨርሷል።

መጠኑን በተመለከተ መነሻው የአምራቹ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ብዙውን ጊዜ ከፍታውን በጫማ፣ በ2,000 ጫማ ደረጃ ይከፋፍለዋል፤ ወደ 600 ሜትር መሆኑ ነው። በየደረጃው ከእያንዳንዱ ክብደት 2 ግራም ገደማ መቀነስ የተለመደ ነው። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ 1 ግራም ዙሩን ከ50 እስከ 100 ገደማ ይለውጣል ተብሎ ይታሰባል። ሁለቱም ግምት ናቸው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የዙር መለኪያው ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ያሰበ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሳበታል። ጉልበቱ 30 በመቶ ከቀነሰ ክብደቱስ ለምን 30 በመቶ አይቀነስም? በሠንጠረዡ ስሌት ከ70 ግራም የሚቀነሰው 10 ግራም ገደማ ነው። ይህ 14 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሞላው ነው። ለማሳያ ያህል ክብደቶቹ ሳህኑን በ100 ይገፉታል፣ ሞላው በ40 ይመልሳቸዋል እንበል። ቺንጋው ጋ የሚደርሰው 60 ነው። ጉልበቱ በ30 በመቶ ሲቀንስ ቺንጋው የሚፈልገው 42 ይሆናል። ሞላው ግን አልተለወጠም፣ አሁንም 40 ይመልሳል። ስለዚህ ክብደቶቹ 82 መግፋት አለባቸው፤ ቅናሹ 18 በመቶ ብቻ ሆነ ማለት ነው። የኋላው ክላች ሞላም እንደዚሁ ከፍታ ስለማያውቅ ቁጥሩን ትንሽ ጨምሮ ያሳንሰዋል። በዚህ ምክንያት ነው በመቶኛ አስልቶ ክብደት የሚቆርጥ ሰው ሁልጊዜ አብዝቶ የሚቆርጠው።

ክብደቱ የሚቀየርበት መንገድ እንደ ማሽኑ ይለያያል። በአንዳንዶቹ ክብደቶቹን በሙሉ አውጥቶ ሌላ መግጠም ያስፈልጋል። ሌሎቹ ትንንሽ ብሎን ወይም ማግኔት የሚጨመርባቸውና የሚቀነስባቸው ናቸው። ስኪዱ የሚባለው የስኖውሞቢል ምርት ቲአርኤ የተሰኘው ክላች ደግሞ ብልህ ነገር አለው። ከ1 እስከ 6 የተቆጠሩ ማስተካከያ ብሎኖች ከውጭ ይታያሉ። እያንዳንዱ ደረጃ ዙሩን በ200 ገደማ ይለውጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ዙሩ ይጨምራል። ክላቹን ሳይፈቱ በረዶ ላይ ቆመው የሚያስተካክሉት ነገር ስለሆነ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሦስቱም ብሎኖች ግን አንድ ቁጥር ላይ መሆን አለባቸው። በማንኛውም ክላች ቢሆን ክብደቶቹ እኩል ካልሆኑ ክላቹ ይንቀጠቀጣል፣ የሞተሩን ኩሽኔታም ይበላል።

ክብደቱ ላይ ግራሙ የተቀመጠበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ጫፉ ላይ ያለ ግራም በከፍተኛ ፍጥነት ይጫናል። ወደ ሥሩ የተጠጋ ግራም ደግሞ ሲነሳና በመካከለኛ ፍጥነት ይሰማል። ተራራ ላይ፣ በጥልቅ ለስላሳ በረዶ ውስጥ፣ ክላቹ እስከ መጨረሻው ማርሽ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው መሐል ላይ ነው። ሐይቅ ላይ ቀጥ ብሎ ለመሮጥ የተዋጣ ማስተካከያ ለዳገት የማይሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሞላና ሄሊክስ

የፊቱ ክላች ሞላ ሁለት ቁጥር ተጽፎበት ይሸጣል፤ ለምሳሌ 120/340። የመጀመሪያው ሞላው ገና ሲጀምር የሚገፋበት ኃይል ነው፣ በፓውንድ። ሁለተኛው ክላቹ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ የሚገፋበት። የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ሲል ማሽኑ በከፍተኛ ዙር ይነሳል። ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ሲል በሙሉ ፍጥነት ላይ ያለው ዙር ይጨምራል። ተራራ ላይ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚደክም መነሻ ዙሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያግዛል። ትንሽ ነው ያልኩት። ከልክ ያለፈ መነሻ ዙር ቺንጋውን ያቃጥላል፤ ለስላሳ በረዶ ላይ ደግሞ ትራኩ ድንገት ዘሎ ይቆፍርና ማሽኑን ያሰምጠዋል።

ሄሊክሱ በዲግሪ ይለካል። ተዳፋቱ ትልቅ ዲግሪ ሲሆን የኋላው ክላች በቀላሉ ይከፈታል። ማሽኑ ቶሎ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይሄዳል፣ ዙሩ ይወርዳል። ዲግሪው ሲያንስ የኋላው ክላች ይጠነክራል። ዙሩን ይይዛል፤ ጋዙ ተለቅቆ እንደገና ሲጫንም በፍጥነት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይመለሳል። ዛፍ መሐል ለሚሽከረከር፣ በየሰከንዱ ጋዝ ለሚለቅና ለሚጭን የተራራ ነጂ ይህ መመለስ ወርቅ ነው። ጋዙን ስትጭኑ ሞተሩ ለአፍታ እየታነቀ ከዚያ የሚነሳ ከሆነ፣ ክብደቱም ትክክል ከሆነ፣ ያኔ ወደ ኋላው ክላች ማየት ተገቢ ነው። ጠንከር ያለ ሞላ ወይም ያነሰ ዲግሪ ያለው ሄሊክስ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ዋጋ ግን አለው። ቺንጋው ይበልጥ ይጨመቃል፣ ይበልጥ ይሞቃል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ብዙ ሰው ወደ ሄሊክስ የሚሮጠው ሳያስፈልገው ነው። ከፍታ ሲለወጥ የሚለወጠው ክብደት ነው። ሄሊክስና ሞላ የነጂውን አነዳድ፣ የበረዶውን ዓይነትና የትራኩን መጠን ይከተላሉ። ሁሉንም አንድ ላይ ለውጦ «አሁን ተሻለ» ወይም «አሁን ባሰ» የሚል ሰው የቱ እንደሠራ በጭራሽ አያውቅም።

ክብደት ከመንካት በፊት

ያረጀን ነገር በማስተካከል ማዳን አይቻልም። የተበላ ሮለር (ክብደቱ የሚገፋው ትንሽ ተሽከርካሪ)፣ የተፋቀ ክብደት፣ የደከመ ሞላ ያለበት ክላች ዛሬ አንድ ቁጥር ነገ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑ ጠፍቶ ቺንጋው ይውጣ፤ ሳህኖቹ ይታዩ። ጥቁር የጎማ ቅባት ካለባቸው በሸካራ ስፖንጅና በአልኮል ይጽዱ። ዘይትና ግራሶ እዚያ ቦታ የላቸውም፣ ቺንጋ ላይ ከደረሱ ይንሸራተታል። ክብደቶቹ ሮለሩን የሚነኩበት ፊት ላይ ጉድጓድ ካለ ይቀየሩ። የቺንጋው ስፋት ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ይነጻጸር፤ ጥቂት ሚሊሜትር የተበላ ቺንጋ ሙሉውን ስሌት ያዛባል።

የቺንጋው አቀማመጥ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ማሽኑ ቆሞ ሲታይ ቺንጋው ከኋላው ክላች ጠርዝ ጋር እኩል ወይም ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ወደ ውስጥ ከሰመጠ ማሽኑ በዝቅተኛው ማርሽ አይነሳም፤ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ለመውጣት የሚሞክር መኪና ማለት ነው። በጣም ከወጣ ደግሞ ሞተሩ ዝም ብሎ እየሠራ ማሽኑ በራሱ ይሳባል። ከሱቅ በወጣ በሳምንቱ «ክላቹ አልሠራም» ከተባለው ማሽን ስንቱ የቺንጋውን አቀማመጥ የምታስተካክለውን ብሎን ሩብ ዙር ማዞር ብቻ እንደሚፈልግ ብታውቁ ትስቃላችሁ።

አዲስ ቺንጋ ከገጠማችሁ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሙሉ ጋዝ አትስጡት። ሳይለማመድ የተቃጠለ ቺንጋ ገጹ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ አይነክስም።

የደኅንነቱን ነገር አሳጥሬ ልንገራችሁ። ክላቹን የሚሸፍነው መከላከያ ተከፍቶ ሞተሩ በፍጹም አይነሳም። በ8,000 ዙር የተበጠሰ ቺንጋ ወይም የተሰበረ ክብደት ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል። የክላቹ ክዳን ውስጥ ያለው ሞላም በኃይል የተጨመቀ ስለሆነ ብሎኖቹ ቀስ በቀስ፣ በእኩል ይፈቱ።

ሙከራው

ቺንጋውና ክላቹ መጀመሪያ ይሙቁ። ቀዝቃዛ ቺንጋ ላይ የተነበበ ቁጥር አይታመንም። ከዚያ ቀጥ ያለ፣ በረዶው አንድ ዓይነት የሆነ፣ መጠነኛ ዳገት ምረጡ። በረዶ የመናድ አደጋ ባብዛኛው ከ30 ዲግሪ በላይ ባሉ ተዳፋቶች ላይ ስለሚነሳ፣ ለሙከራ ከዚያ የቀነሰ፣ ከላዩም የተንጠለጠለ በረዶ የሌለበት ቦታ ይበቃል። ሙሉ ጋዝ ስጡትና ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ሲነሳ ላይ ያለው ጡዘት አይቆጠርም፣ ጫፍ ላይ ስትለቁ ያለውም አይቆጠርም። የሚቆጠረው መሐሉ ነው። ዓይናችሁ መንገዱ ላይ መሆን ስላለበት፣ ትንሽ ካሜራ የዙር መለኪያው ላይ አነጣጥሮ ማሰር ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይሻላል።

ቁጥሩ ከመመሪያው ዝቅ ካለ ክብደት ይቀነስ። ከፍ ካለ ይጨመር። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ሞክሩ፣ ጻፉት። ከፍታውን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የበረዶውን ዓይነት፣ ግራሙን፣ ዙሩን። ለሚቀጥለው ክረምት ከሠንጠረዡ ይልቅ የሚያገለግላችሁ ይህ ወረቀት ነው።

ዙሩ መጀመሪያ ትክክል ሆኖ ቆይቶ በሙሉ ጋዝ ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ጉዳዩ ምናልባት ሙቀት ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ክላቹ ቆሞ፣ ሳህኖቹን በጥንቃቄ ንኩ። እጅ ጥቂት ሰከንድ ማሳረፍ ካልተቻለ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። የሙቀት መለኪያ ካላችሁ የተሻለ ነው፤ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ የጎማው ዕድሜ በፍጥነት ያጥራል።

ሰዎች የሚረሱት ሌላ ነገር የአየሩ ቅዝቃዜ ነው። ከፍታው አንድ ሆኖ ሳለ በዜሮ ዲግሪ ካለው አየር ይልቅ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለው 8 በመቶ ገደማ ይበልጥ የታመቀ ነው። ይህ 800 ሜትር ዝቅ እንደማለት ነው። በጥር ውርጭ የተስተካከለ ማሽን በሚያዝያ ፀሐይ ሰነፍ ቢመስላችሁ አትገረሙ። የሚያዝያው በረዶ እርጥብና ከባድ ስለሆነ ደግሞ ሸክሙም ይጨምራል። ሁለቱም ዙሩን ወደ ታች ይጎትቱታል።

በአንድ ቀን ውስጥ ከፍታው ብዙ ሲለዋወጥስ? በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያለችው የሬቭልስቶክ ከተማ ከ500 ሜትር በታች ትገኛለች፤ ነጂዎቿ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ለሁለቱም ፍጹም የሆነ ግራም የለም። እኔ የምመርጠው ሙሉ ጋዝ ለረጅም ጊዜ ለሚያዝበት ከፍታ ማስተካከልን ነው። ያ ደግሞ ጫፉም መነሻውም አይደለም፤ ዳገቶቹ ያሉበት ቦታ ነው። ታች ያለው መንገድ ላይ ዙሩ ትንሽ ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ ጋዙን ሙሉ አለመጫን ነው። ወደ ታች ተወስዶ በቀላል ክብደት ሙሉ ጋዝ የሚነዳ ማሽን በየደቂቃው ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። ሞተሩ ይሞቃል፣ ጉልበትም አይጨምር።

ቱርቦ ያላቸው ማሽኖች ከዚህ ጣጣ በአመዛኙ ነጻ ናቸው። ስኪዱ ለ2021 ሞዴል ከፋብሪካ ያወጣው ባለ ቱርቦ ሁለት ምት 165 የፈረስ ጉልበቱን እስከ 8,000 ጫማ፣ ማለትም 2,440 ሜትር ገደማ ድረስ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ጉልበቱ ካልወረደ ክብደቱም መቀነስ አያስፈልገውም። እንዲያውም ቱርቦ ገዝቶ ከአሮጌው ማሽኑ የለመደውን የተራራ ቀላል ክብደት የሚያስገባ ሰው ተቃራኒውን ስህተት ይሠራል፤ ዙሩ ከላይ ያመልጠዋል። ከ2,440 ሜትር በላይ ግን እሱም እንደሌላው መድከም ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የዙር መለኪያውን ማየትና ጥቂት ግራም መቀነስ ነው።

ሁለተኛ እጅ ማሽን የምትገዙ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ብቻ አይሁን። «የት ነበር የሚነዳው?» ብላችሁም ጠይቁ። ከሚኒሶታ ሜዳ የመጣ ማሽን ኮሎራዶ ውስጥ፣ 2,873 ሜትር ላይ ባለው በራቢት ኢርስ መተላለፊያ ቢነሳ፣ ውስጡ ያለው ክብደት የሜዳው እንደሆነ ገምቱ። ክዳኑን ከፍታችሁ ክብደቶቹ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ፤ ሞላውንም እንዲሁ፣ አብዛኞቹ በቀለም ይለያሉ። የቀድሞው ባለቤት የነገራችሁን ሳይሆን ብረቱ ላይ ያያችሁትን ጻፉ፤ ከዚያ ሠንጠረዡን ክፈቱ።